የጎጆ ማርያም ደወልና ሊቀመንበሩ

ገብረአማኑኤል ብዙ አይናገርም ነበር። ጎጆ ከተማ ዳር ባለችው አሮጌ ማርያም ሃያ ሁለት ዓመት ደውሏል። ደወሉ ከወይራ ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ረዣዥም ድንጋዮች ናቸው። ሚስቱ ድንቅቱ፣ "ምላሱን ለድንጋዮቹ ሰጥቶ ነው እኔን ያገባኝ" ትል ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን ፊልም የሚያነሡ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆርዶፋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗን የገብስ መጋዘን ሊያደርጋት አስቧል። "የሚሳለማት ሰው የለም፤ ባዶዋን ትነሣና አውራጃው ይየው" አለና ያን ቀን ገበሬውን ሁሉ ለማኅበሩ አጨዳ አወጣው። ገብረአማኑኤልን ግን "አንተ እዚሁ ሁን፤ የሚጠይቁህን ሁሉ አድርግ" አለው።

ካሜራ አንሺው ሥዩም ባዶውን ቅጥር ዞር ዞር ብሎ አየ።

"አባባ፣ ደወሉን ሲመቱ ላንሣዎት።"

"እንዴት አድርጌ ልምታው?"

"በደንብ ነዋ።"

"በደንብ ከመታሁት ሰው ይሰማል።"

"ደወል አይደል እንዴ፣ ይሰማ እንጂ።"

"እንግዲህ አንተ ነህ ያልከው" አለ ገብረአማኑኤል።

በዚያ አገር ደወል በሰዓቱ፣ በዝግታ ነው የሚመታው። ያለ ሰዓቱ ቶሎ ቶሎ ከተመታ እሳት ተነሥቷል ማለት ነው። ይህን የአዲስ አበባዎቹ አያውቁም፤ እሱ ያውቃል። ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ደበደበው።

አጫጁ ማጭዱን እንደያዘ መጣ። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው መጡ። ከድሮ የሚባለው ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ሳይዘጋ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዞ ደረሰና "የቱ ጋ ነው?" ይላል። እሳት የለም። ክርስቲያኑ ግን ከመጣ አይቀር ደጇን ተሳለመ፤ ቅጥሩ ጢም አለ። ሥዩም ደስ ብሎት ያነሣል።

ሆርዶፋ መጨረሻ ላይ እያለከለከ ደረሰ። በሩ ጋ ሲደርስ እጁ ራሱ ቆቡን አወለቀ፤ ግንባሩን መቃኑ ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ ተሳለመ። እናቱ በልጅነቱ ያስለመደችው ነገር ነው። ቀና ሲል ካሜራው ፊት ለፊቱ ቆሟል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣" አለ ከድሮ ባልዲውን እያስቀመጠ፣ "እርስዎም ለእሳቱ ነው?"

ሆርዶፋ ገብረአማኑኤልን ወደ ወይራው ሳብ አደረገው።

"ኦቦ ገብሬ፣ ያ ነገር እኔን አንሥቶኛል?"

"እኔ የመሣሪያ ነገር ምን አውቃለሁ። ወደ እርስዎ ዞሮ ግን አይቻለሁ።"

የመጋዘኑ ወሬ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ሥዩም ዕቃውን ሲሸክፍ ጠጋ ብሎ፣ "አባባ፣ ሊቀመንበሩ ሲደርሱ ፊልሙ አልቆብኝ ነበር። እሳቸው የሉበትም፤ ልንገራቸው?" አለው።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ ገብረአማኑኤል።

ሆርዶፋ ከሊቀመንበርነቱ እስኪወርድ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፊልሙ መጣ እንዴ?" ይለዋል። ገብረአማኑኤልም "ገና ነው" ይላል።

"እስካሁን አልነገርከውም?" ስትለው ድንቅቱ፣

"ልነግረው ነው" ይላታል፤ "አፍ እንደሌለኝ ታውቂ የለ፣ ቃሉን እየፈለግሁ ነው።"