ለእማዬ ክፍል የገዛሁት ሽቶ

ሰው ሲደክመው ሻይ ቤት ይገባል። እኔ ሽቶ ቤት ገባሁ። ጎፋ ነው፤ ሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ፣ ጫማዬ አቃጥሎኝ፣ የለቡን ታክሲ ሰልፍ አየሁና ተስፋ ቆርጬ ዞር ስል ሱቁ ፊት ለፊቴ ነበር። እንዲያው በአጋጣሚ ገባሁ ብል ደግሞ ውሸት ነው። አንድ ወር ሙሉ ስመላለስ መስታወቱን አይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ እኔ ጋ ከመጣች ስምንት ወር ሆኗታል። ስኳር አለባት፤ እግሯ ላይ ቁስል ወጣባትና ብስራተ ገብርኤል ያለው የድሮ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን መኖር ስላልቻለች፣ ለቡ ያለው ኮንዶሚኒየሜ አመጣኋት። ቁስሉ አንድ ሳምንት ይደርቅና ደስ ሲለን በሚቀጥለው ያመረቅዛል። ጠዋት ጠዋት አጥቤ፣ ፋሻውን ቀይሬ፣ መድኃኒቷን አውጥቼ ነው ሥራ የምገባው። ማታ ስመለስ አንሶላው ይጠብቀኛል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱም ከመጣ። የባሰ አታምጣ እያልኩ ጀሪካን ስቀዳ፣ ጀሪካን ስገለብጥ ወገቤ ተቆረጠ።

ቁስሉ ይሸታል። ምን ብዬ ላሳምረው? ይሸታል። መስኮት ከፍቼ እንዳላናፍስ ፊት ለፊታችን ፎቅ እየተሠራ ነው፤ የሲሚንቶው ብናኝ ቤቱን ይሞላዋል። ዘግቼ ስመጣ ደግሞ ገና በሩን ስከፍት ይቀበለኛል።

እማዬ ማን መሰለቻችሁ? አንድ ነጠላ ሳይታጠብ ሁለት ቀን የማትለብስ፣ ሰው ቤት ስትገባ የአልጋ ልብሱን ጫፍ በዓይኗ የምትመረምር ሴት ናት። ልጅ ሆነን እግራችንን ሳንታጠብ አልጋ ላይ ከወጣን ጉዳችን ነበር። እሷ እሸታለሁ ብላ ካወቀች እህል የምትቀምስ አልመሰለኝም። እኔ የፈራሁት ቁስሉን አልነበረም፤ ቁስሉስ ሐኪም አለው። እንዳታውቅብኝ ነበር የምፈራው። ለሚቀጥለው እሁድ ደግሞ የብስራተ ገብርኤል የእድር ጓደኞቿ ሊጠይቋት እንደሚመጡ ስልክ ተደወለ። እነሱ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈን ሲያደርጉ ብታይስ? እንቅልፍ አጣሁ።

ባለ ሱቋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፈገግታ የማትሰስት ሴት ነች። «ይኼ ዲፊውዘር ይባላል የኔ እናት፣» አለችኝ። «ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ነው። ስንጥሮቹን ትነክሪያቸዋለሽ፣ እነሱ እየሳቡ ቤቱን ያውዱልሻል። እሳት የለው፣ መብራት የለው።»

መብራት የለው ስትለኝ ልቤ ተከፈተ። መብራት የማይፈልግ ነገር ለቡ ውስጥ ጌጥ ነው።

ስንት ክፍል እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ሳሎን፣ መታጠቢያና ሁለት መኝታ አልኳት። ለሳሎን ቫኒላ አቀረበችልኝ፤ ሰው በሚያልፍበት በኩል እንዳስቀምጠው ነገረችኝ፣ ማለፍ ማግደሙ ሽታውን ያነሳሳዋል አለች። ለመታጠቢያ ሎሚ። ለመኝታ ላቬንደር፤ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ስንጥሩም ሦስት ይበቃዋል፣ ከበዛ ራስ ያዞራል አለችኝ።

«መኝታው የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«አሟቸዋል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት፣» አልኳት። «እንዲሁ ሽቶ ትወዳለች።»

ምን አፍ አለኝና እውነቱን ልናገር? ቁስል አለባት ብላት ኖሮ ያች ሴት ጠርሙሱን ከእጄ ትቀማኝ ነበር። ግን እኔ ራሴስ ምን ነክቶኝ ነው? ድካም ሰውን ያደነዝዘዋል፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ዛሬም የለኝም።

ቤት ገብቼ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ቫኒላውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባስቀምጠው ሳሎኑ ኬክ ቤት መሰለ፤ አንስቼ በሩ ጋ ካለው የጫማ መደርደሪያ ላይ አደረግሁት። ሎሚው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያፍነኝ ስንጥሮቹን ቀነስኩለት። ለራሴ ክፍል አልገዛሁም። እኔ እንኳን ሽታ፣ ጣሪያው ቢወርድ አልሰማም፤ ወድቄ ነው የማድረው።

የእማዬ ክፍል ግን አስቸገረኝ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ። ኮመዲኖው ላይ መድኃኒቷ ሞልቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ ብሰቅለው ማን ያሸተዋል? በመጨረሻ ወንበር ስቤ ራስጌዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሦስት ስንጥር የተባልኩትን ትቼ ስምንቱንም ነከርኳቸው። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እማዬ።

«የቤት ሽቶ ነው። አሁን ሁሉም ሰው ቤት አለ፤ ፋሽን ነው።»

ጠርሙሱን ብዙ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ደስ ይላል፣» አለች። «ተባረኪ።»

በዚያ ሳምንት ቀለል አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ስንጥሮቹን ባለ ሱቋ እንዳለችኝ እየገለበጥኩ፣ «ይሸታል አይደል?» እላታለሁ፤ «በደንብ ይሸታል፣» ትለኛለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ መሸፈን ስትጀምር በርዷት ነው ብዬ ጋቢ ደረብኩላት። ፋሻው ከወትሮው ይልቅ ርሶ ሲቆየኝም ሐኪሙ ጋ ስንሄድ እነግረዋለሁ ብዬ አለፍኩት።

እሁድ አራት ሆነው መጡ፤ ስኳር ላለበት ሰው አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው። ትልቋን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም እሳቸው ያሉት ነው የሚሆነው። የእማዬን ክፍል ደፍ ሳይረግጡ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

አለቀልኝ አልኩ። እማዬ ፊት ሊናገሩት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሽቶ!» አሉ እትዬ። «በስመአብ! ቁስለኛ በተኛበት ሽቶ? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እናትሽን ልትገድያት ነው?»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ሽታ የመታው ቁስል ያመረቅዛል፤ ይኼን የማያውቅ ሰፈር አላደግኩም። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ተሰፍቶ ስተኛ እማዬ በሩ ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ «ሽቶ ተቀብተሻል?» እያለች ትመልስ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር የለም ይላል። ይበል! እማዬ ታምንበታለች። ለእሷ እኔ ራስጌዋ ላይ መርዝ ነው ያስቀመጥኩት።

«ተያት፣» አለች እማዬ ከአልጋዋ። «እኔ ነኝ ግዥልኝ ያልኳት። አማረኝ።»

«አንቺ?» አሉ እትዬ። «አንቺ እኮ በፍየል ቆዳ ሽታ ከጎረቤት የተጣላሽ ሴት ነሽ!» ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው በረንዳ አወጡት። ሌሎቹ ወሬ ቀየሩ፤ ብርቱካኑን እኔው ልጬ እኔው በላሁት።

ከሄዱ በኋላ አንሶላዋን ልቀይር ትራሷን አነሳሁ። ሥሩ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተደርድሯል። የደረቀም አለ፤ የዚያኑ ዕለት የተቀጠፈም አለ። ሽታ እንዳይመታ የሚሸተተው እሱ ነው። ጤና አዳሙ የእኔው ነው፤ በረንዳ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከልኩት። ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ሳሎኑን ሙሉ ማቋረጥ አለ። ሐኪሙ ደግሞ በዚያ እግሯ መሬት እንዳትረግጥ ብሏታል። እኔ ሥራ ስወጣ ግድግዳ እየያዘች ትሄድ ነበር ማለት ነው፤ በየቀኑ። ፋሻው ለምን እንደሚርስ ገባኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አልኩ። «እማዬ፣ ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ?»

«አንሽልኝ ብለሽ ነዋ! ያመረቅዝብኛል ብለሽ እያመንሽ ዝም ትያለሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። ቁጣዬ ምንም አልመሰላትም።

«ጠዋት ስትገቢ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣» አለችኝ። «በሩ ላይ ስበሽ ትገቢያለሽ፣ ፋሻውን ጨርሰሽ ስትወጪ ነው የምትለቂው። ደም ሥርሽ ይገታተራል። ስምንት ወር ሙሉ አየሁሽ። ያ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ጀመርሽ። ታዲያ እንዴት ብዬ አንሽው ልበልሽ?»

እኔ ትንፋሼን እንደምይዝ አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። እንዳታውቅ ብዬ ከተማውን ስዞር፣ እሷ ገና ከመጣችበት ሳምንት ጀምሮ ከእኔው ፊት ላይ አንብባዋለች። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ራሴን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችኝና ሻይ አፍይልኝ አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የሞቀውን ውኃና ፋሻውን ይዤ ወደ ክፍሏ ስሄድ፣ በሩ ላይ ደረቴ ሲነፋ ነቃሁበት። እውነቷን ነው። እሷም ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ቆምኩ። ያን ትንፋሽ ለቀቅኩት፤ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ፋሻውን ፈታሁ፣ በአፍንጫዬም ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።

«ይሸታል፣» አልኳት።

«እኔንም ይሸተኛል፣» አለች፤ እግሯን አንስታ ጭኔ ላይ አሳረፈችው።