የተተረተሩት ርግቦች

ባለፈው ሰሞን አየር ጤና አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ እግዜር ይመስገን ወገቤ ሰፍቶ፣ ቀሚሴን አስፋልኝ ስለው ጎኑን በምላጭ መተርተር ጀመረና ያ ድምፅ መጣ፤ ምላጩ ጥስ ሲያደርገው፣ ከዚያ ክሩ ሽርርር እያለ ከጨርቁ ሲመዘዝ። «አንተ ልጅ፣ እባክህ እኔ ከሄድኩ በኋላ ተርትረው» አልኩት። «ማዘር፣ ምነው? ልብስ አያመውም እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል፤ እኔ ይህን ድምፅ አንድ ጾም ሙሉ ስሰማ የከረምኩ ሰው ነኝ፣ ምላጩም በእኔው እጅ ነበር።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ቤታችን ኮልፌ ነበር። አባባ ከቦንጋ ማርና ኮረሪማ እያመጣ መርካቶ ላሉ ነጋዴዎች የሚያስረክብ ሰው ስለነበር የወሩን እኩሌታ መንገድ ላይ ያሳልፍ ነበር፤ ሲመጣ ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፣ እኛም እንስቃለን፣ ሲሄድ ደግሞ ቤቱ የእማዬ ብቻ ይሆናል። ሙት ወቃሽ አትበሉኝ እንጂ እናቴ ክፉ ነበረች። ክፋቷ ግን የሚጮህ፣ ጎረቤት የሚሰማው ዓይነት አልነበረም፤ ታጥቦ፣ አሚዶ ገብቶበት፣ ተተኩሶ የተቀመጠ ክፋት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወይዘሮ የሺ እኮ ባለሙያ ናቸው ይል ነበር። ባለሙያስ ነበረች፤ ከፋም በጀም እጇን አልክድም።

የሁሉ ነገር መጀመሪያ ክረምት ነበር። ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብና ጭቃው ከደጃፍ ሲያግተን፣ እማዬ ከአልጋው ሥር ሳጥኗን ስባ ነጩን ጨርቅ ታወጣና አልጋው ላይ ዘርግታ፣ በዚያ ዓመት ምን እንደሚጠለፍ፣ የት ጋ አበባ የት ጋ ሐረግ እንደሚወጣ፣ ማን ምኑን እንደሚይዝ ታቅድ ነበር። እኔ ዐሥር ዓመት ገደማ በሆነኝ ክረምት እቅዱ የእቴቴ ሰርግ ሆነ። እቴቴ የምላት ታላቅ እህቴ አስካለ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ለአባባ የንግድ ወዳጅ ልጅ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር፣ እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። በዚያን ጊዜ ሙሽራ የእጇን ሥራ ይዛ ነበር የምትገባው፤ የባሏ እናትና አክስቶች አንሶላዋን ገልብጠው አይተው ወይ ያመሰግኗታል፣ ወይ ዕድሜ ልኳን የሚከተላት ስም ያወጡላታል። ስለዚህ እማዬ ለአንሶላው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ርግቦች፣ ዳር ዳሩን አረንጓዴ የሐረግ ቅጠል፣ ለትራስ ልብሶቹ ደግሞ ከቅጠሉ ጋር የሙሽሪትንና የሙሽራውን ስም መነሻ ፊደል መደበችና በካርቦን ወረቀት ጨርቁ ላይ ገለበጠችው። እቴቴ ርግቦቹን አይታ ደስ ይላሉ ከማለት በቀር፣ ስለ ሰርጉ አንዲት ነገር ስትናገር አልሰማሁም።

ከዚያ ክሩ ከየት ይገዛ የሚለው ክርክር ይመጣል፤ ክርክር ልበለው እንጂ የምትከራከረው እማዬ ከራሷ ጋር ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ክር መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ የጠጣው ስለሆነ ለአዝራር እንኳ አይሆንም ትላለች። ፒያሳ አንዲት አርመናዊት የከፈተችው ሱቅ ነበር፣ ክሩ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በየቀለሙ ተደርድሮ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ግን አንድ ጊዜ ሦስታችንም ሄደን ሴትዮዋ ክሩን ከመስጠቷ በፊት እጃችን ንጹሕ መሆኑን ስለጠየቀችን፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ ዳግመኛም በዚያ በኩል አላለፈችም። እማዬ ማዋረድ እንጂ መዋረድ አታውቅበትም ነበር። የቀረው መርካቶ ያለው የዐረቡ ሱቅ ነበር። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠነክር ይዛን ትሄድና፣ ቆማ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ጠርዝ ላይ እየፈተገች፣ ቀለሙን የለቀቀውን ወዲያ እያለች፣ ያልለቀቀውን ለእቴቴ እያቀበለች፣ ባለሱቁ ወንበር እስኪያመጣላት ድረስ ትመርጥ ነበር።

በጋውን ሙሉ ተጠለፈ። እቴቴ ርግቦቹን፣ እኔ ቅጠሉን ይዘን መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን፤ ከሰዓት በኋላ እማዬ ትመጣና ጨርቁን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ፊቱን አታይም ነበር፤ ፊቱ ለእንግዳ ነው፣ የሴት ሥራ ከጀርባው ነው የሚታወቀው ትላለች። ጀርባው ላይ አንዲት ቋጠሮ ካገኘች ወይም ክሩ ላላ ብሎ ጣቷን ካስገባላት፣ የቀኑን ሥራ በምላጭ ትተረትረዋለች፣ ከዚያ ቁንጥጫ ይከተላል፤ ቁንጥጫዋ ጭኔ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይከርም ነበር። «አጥብቂው» ነበር ቃሏ፤ «የላላ ጥልፍ የሰነፍ ሴት ነው።» እቴቴም ታጠብቀው ነበር፤ ርግቦቹ ጨርቁ ላይ የተሰፉ ሳይሆን አብረው የተሸመኑ እስኪመስሉ ድረስ ታጠብቀዋለች። አንድ ቀን መርፌ ጣቴን ወግቶኝ አንሶላው ላይ ጠብታ ደም ወደቀ። እማዬ ጣቴን አላየችም፤ አንገቴን ይዛ ወደ ጨርቁ ደፍታ፣ የራስን ደም የራስ ምራቅ ነው የሚያነሣው ብላ እስኪነጣ ድረስ አስመጠጠችኝ። ነጣ፣ እውነቷን ነበር። የአሚዶው ጣዕም ግን እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

ክር ሲያልቅ መከራው የእቴቴ ነበር። የቀረችውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጥፋ መርካቶ ድረስ ሄዳ፣ ከዐረቡ ሱቅ ልክ ያንኑ ቀለም አመሳስላ ታመጣለች፤ እማዬ ያመጣችውን መስኮት ላይ ይዛ ከቅጠሉ ጋር ታስተያየውና፣ ትንሽ ከፈካ ወይ ከጠቆረ፣ ወዲያ ጥላ እቴቴን ጫማዋን ሳታወልቅ ትመልሳታለች። በእግሯ ኮልፌና መርካቶ ሁለቴ የተመላለሰችበት ቀን ብዙ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አለቅስላት ነበር፣ በኋላ በኋላ ግን ስትመለስ ፊቷ ላይ ደስታ ማየት ጀመርኩ፤ እማዬ ሂጂ ሳትላት በፊት ነጠላዋን አንሥታ ትጠብቃለች። ነገሩ ወዲህ ነው። የዐረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ደረጀ የሚባል የስፌት መኪና ጠጋኝ ይቀመጥ ነበር፤ ልጅቷ በቀን ሁለቴ ያችኑ አንዲት አረንጓዴ ክር ፍለጋ ስትመጣ ቢያያት ጊዜ አዘነላት፣ ውኃ ሰጣት፣ ከዚያማ ያው ነው። ሰው ሁሉ አስካለን ደረጀ አታለላት ይላል እንጂ፣ እኔን ብትጠይቁኝ የዳረቻት እማዬ ራሷ ናት።

ሁዳዴ ገብቶ፣ አንሶላው አልቆ፣ ከሁለተኛው ትራስ ልብስ ዳር አንድ ክንድ የማይሞላ ቅጠል ሲቀር አረንጓዴው ክር እንደገና አለቀ። እቴቴ ልትገዛ ወጣች፣ እኔን ከወትሮው ለየት አድርጋ ስማኝ፤ አልመጣችም። እማዬ እስከ ማታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች እንጂ አልፈለገቻትም። በማግስቱ ጎመን የምትሸጠው ጎረቤታችን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ እየፈራች ገባችና መልእክቱን እንዳለ ተናገረች፦ «አልመለስም፣ ቀለሙ ግን ልኩ ነው በይልኝ ብላለች።» እማዬ ክሩን አውጥታ እንደ ልማዷ መስኮት ላይ ከቅጠሉ ጋር አስተያየችው። ቀኝ አየችው፣ ግራ አየችው። «ልክ ነው» አለች። ከዚያ ምላጩን ከመሳቢያው አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ።

ያን ጾም እሷ በየጧቱ ቀራንዮ መድኃኔዓለም እየሳመች ትመለሳለች፣ እኔ እየተረተርኩ እጠብቃታለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በመጀመሪያ የእቴቴን ስም ፊደል አስነሣችኝ፣ ከዚያ የሙሽራውን፣ ከዚያ ሐረጉን፣ በመጨረሻ ርግቦቹን። መቆራረጥ አልተፈቀደም፤ ምላጩ ጫፉን ብቻ ያላቅቃል፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመዘዝኩ፣ ክሩን ካርቶን ላይ አጠነጥን ነበር። ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ቁንጥጫ፣ ጨርቁ ከተቀደደ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አልተነገረኝም፣ እኔም ልሞክረው አልደፈርኩም። የእቴቴ እጅ ጠንካራ ስለነበር አንዲቱን ክንፍ ለማንሣት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። አባባ ከመንገድ ገብቶ ይህን ሲያይ «አንቺ ሴትዮ፣ ጨርቁ ምን አደረገሽ?» አላት። እሱም የማሩን እንስራ እንኳ ሳያወርድ በረንዳ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ፤ አባባ ደግ ነበር፣ ደግነቱ ግን ከበረንዳ አልፎ አያውቅም።

ክረምት ሲመጣ እማዬ ጨርቁን አጠበችው፣ አሚዶ አስገባችበት፣ የመርፌው ቀዳዳ እንዲደፈን ውኃ እየረጨች በጥፍሯ ፈተገችው፣ በከሰል ካውያ ደጋግማ ተኮሰችው። ርግቦቹ ግን አልጠፋ አሉ። ክር የለባቸውም፣ ቀለም የለባቸውም፣ መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ብቻ ተሰልፎ፣ ምንቃራቸውም፣ ክንፋቸውም፣ ዐይናቸውም እንዳለ አለ። ሥራው ቢላላ ኖሮ ጨርቁ መልሶ ይገጥም ነበር፤ አጥብቂው እያለች ያስተማረቻት እሷው ናት። ያኔ ነው እማዬ በሥራዋ ስትሸነፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፣ በልቤም እሰይ አልኩ።

ለእንቁጣጣሽ እቴቴ ከሽማግሌዎች ጋር መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ደረጀ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ እኔ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እያቀረብኩ ዐይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ሌሊቱን ሁሉ የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፤ እማዬ ትማራት፣ እቴቴም ወደ ቤት መግባት መውጣት ትጀምር። እቴቴ የእማዬን ጉልበት ሳመች። ሽማግሌዎቹ ዓመቱ አዲስ ነው፣ ልጅ ልጅ ናት እያሉ ሲለምኗት፣ እማዬ ብዙም ሳታስቸግር «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችና ተነሥታ ጓዳ ገብታ፣ አንሶላውንና ትራስ ልብሶቹን አጣጥፋ በአዲስ ነጠላ ጠቅልላ አመጣችላት። ነጭ፣ የተተኮሰ፣ እንከን የለሽ ጨርቅ። ሽማግሌዎቹ የእናት ነገር እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አንደኛው እንዲያውም ዕንባ አቀረሩ፣ ቆመውም መረቋት። እማዬ እቴቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እኔ ጠላውን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማኋት።

«የሠራሽውን ይኸው፤ እኔ ያስቀረሁት ክሬን ብቻ ነው።»

እቴቴ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ቀዳዳውን አገኘው፣ ክንፉን ተከትሎ ሄደ፣ ምንቃሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግዜር ይስጥልኝ እማዬ ብላ ተነሣች፣ ሽማግሌዎቹም ተደስተው ወጡ። በር ድረስ ስሸኛት እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ነሽ አይደል የተረተርሽው?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። «ቀስ ብለሽ ነው የሠራሽው፤ አንድ ቦታ እንኳ አልቀደድሽውም» አለችና ጣቶቼን ሳመቻቸው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ በሕይወት ሳለች እቴቴ ዳግመኛ ያንን ደጅ አልረገጠችም፣ እማዬም ይቅር ብያለሁ፣ ሽማግሌ ምስክሬ ነው እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

እኔ በተራዬ የተዳርኩት በግዢ አንሶላ ነው፤ እንቢ ብዬ ነው። እማዬ ግን በየክረምቱ ያንን ክር ከሳጥኗ እያወጣች፣ ለምን እንደሚሆን ስታቅድ፣ የጎደለው ከየት እንደሚገዛ ስታሰላስል፣ መልሳ ስትከተው አረጀች። ስትሞት ክሩን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘሁት፣ ቢታጠብም ቢወጠርም አልቀና ብሎ በመርፌው መንገድ እንደተኮማተረ ነበር። እቴቴ ለቅሶው ላይ ከሁላችንም በላይ አልቅሳ ስለነበር፣ ልቧ የራራ መስሎኝ ቆርቆሮውን ቀራንዮ ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። ከፈተችው፣ አረንጓዴውን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ መልሳ ከደነችው። «የእሷ ክር ነው፤ እኔ የሠራሁትን ያኔ ወስጃለሁ» አለችኝ።

ዛሬ አየር ጤና ላይ ክር እንደ ሽንኩርት ተቆልሎ ነው የሚሸጠው፤ የመጀመሪያው ሱቅ ገብቼ ዐይኔ የወደደውን ገዝቼ እወጣለሁ፣ ቢፈካ ቢጠቁር የሚመልሰኝ የለም። ለሙሽራም በመኪና የተጠለፈ አንሶላ በላስቲክ ታሽጎ ይገዛላታል፣ ጀርባውን ገልብጦ የሚያይ አማት አላየሁም፣ እንኳንም አላየሁ። እቴቴ ግን ያንን አንሶላ ዛሬም አጥባ ግቢዋ ውስጥ ታሰጣዋለች፣ ክር አስገብታበት አታውቅም። ስሄድ ከተሰጣው አንሶላ በጥላው በኩል ቁጭ እላለሁ፤ ፀሐይዋ ከጀርባው ስትመጣ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ሁለቱ ርግቦች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይታያሉ። ክሩ እኔ ቤት በቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ርግቦቹ እሷ ጋ ናቸው።