ፍራሽ የምታስተኛ መኪና ፍለጋ፣ ከድሬዳዋ ሐረር

ድሬዳዋ፣ ማለዳ

ፍራሽ ሠሪ ነኝ። በበልጉ ዝናብ ለአንዲት ሙሽራ የሠራሁት የጥጥ ፍራሽ በኪራይ ፒክአፕ ሲሄድ፣ ሸራው ሥር እንዳለ ራሰ። ልጅቷ በጎረቤት ፍራሽ ተዳረች። ከዚያ ወዲህ እኔን እንቅልፍ ራቀኝ። ባለቤቴ ታደሰ፣ «በቃ፣ የራሳችንን መኪና እንግዛ» አለና ያጠራቀምናትን ይዘን በሚኒባስ ወደ ሐረር ወጣን። እሱ የሚፈልገው ፒክአፕ ነበር። እኔ ግን ኋላዋ ረጅምና ዝግ የሆነ፣ ርካሽ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ነው የምፈልገው አልኩት። መንገዱን ሙሉ በዚሁ ተከራከርን።

ደንገጎ ተራራ ላይ ጉም ተቀበለን፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ደረበ። ሐረማያ ስንደርስ ሐይቁ ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ ዳር የቆሙት ላሞች ደመና የሚጠጡ ይመስሉ ነበር። አወዳይ ላይ የእርጥብ ጫት ሽታ በመስኮት ገባና እስከ ሐረር አብሮን ተጓዘ።

ሸዋ በር

አሮጌውን ከተማ ከከበበው ግንብ በሮች አንዱ ጋ ከሚኒባስ ወርደን ትኩስ ሳምቡሳ በላን። በወተት የፈላውን የቡና ገለባ፣ እዚያ ሆጃ የሚሉትን፣ ጠጥተን ሳንጨርስ ታደሰ በስልክ የቀጠረው ደላላ ናስር መጣ። መጀመሪያ ያሳየን አዲስ ቀለም የተቀባች ሰማያዊ መኪና ነበረች። ታደሰ ሞተሩን አስነስቶ ሰማው፤ ወደደው። እኔ የኋላውን በር አስከፍቼ ወንበሩን አሳጠፍኩና ገብቼ ተጋደምኩ። ፍራሽ የምለካው በቁመቴ ነው። እግሬ ከጉልበቴ በታች ውጭ ቀረ። ናስር አፍሮ ፊቱን አዞረ፤ ታደሰ ግን ኮፈኑን ዘጋው።

ፈላና በር

ሁለተኛዋ አንድ ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ቀለሟ ደብዝዞ የወተት ሻይ መስሏል። ባለቤቷ አው ዩሱፍ ይባላሉ፤ «አው» ሐረሮች ለትልቅ ሰው የሚሉት ነው። ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእርሻቸው ብርቱካንና ማንጎ ሲያመላልሱባት ኖረው፣ አሁን ልጆቻቸው የጭነት መኪና ስለገዙ ሥራ ፈታች። ገና ሳንጠይቃቸው ምንጣፉን ገልጠው ወለሉ ላይ ያለውን ዝገት አሳዩን። ናስር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከእኛ በላይ የሚከፍሉ ጫት ነጋዴዎች መጥተው እንደነበርና፣ ሽማግሌው ግን በፍጥነት ነድተው ይጨርሷታል ብለው እንደመለሷቸው ነገረኝ። የእኛ ገንዘብ ምን ሊያደርግላቸው ነው?

ቢሆንም ገብቼ ተጋደምኩ። ከራስ እስከ እግሬ ያዘችኝ፣ ቦታም ተረፈ። ውስጧ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ልነሳ ስል አው ዩሱፍ፣

«እንዳለሽ ሁኚ፣ ልጄ። መንገድ ላይ እንዴት እንደሆነች እዪው» አሉኝ።

ታደሰን ጎናቸው አስቀምጠው በግንቡ ዳር ነዱ። በመስኮቱ የድንጋዩ ጫፍ፣ የዛፍ አናት፣ ነጭ ሚናራ፣ ከዚያ ሰማይ ብቻ ወደ ኋላ ይፈስሳል። የገበያተኞች ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወንዝ ሆነ። ሌላውን አላስታውስም።

ስነቃ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ጥላው ወደ ማዶ ዞሯል። ሁለቱ ወንዶች መሬት ላይ ተቀምጠው በዝግታ ያወራሉ። በእፍረት ዘልዬ ወረድኩ። ታደሰ፣ ሊቀሰቅሰኝ ሲል ሽማግሌው እንደከለከሉት ነገረኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እንቅልፍ ካየሁ ቆይቻለሁ።»

«ባልሽ ነግሮኛል፤ የያዛችሁትን ገንዘብም ነግሮኛል» አሉ። «ወላሂ፣ ሰው እንዲህ የተኛባትን ለሚሮጥባት አልሰጣትም። ውሰዷት።»

መልስ

ስም ማዛወሩ በማግሥቱ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ውስጥ አለቀ። የደንገጎን ቁልቁለት ታደሰ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ከኋላ ጥሩምባ ቢነፉበትም ዳር ይዞ ሁሉንም አሳለፈ። ፒክአፕ የሚለውን ነገር ዳግም አላነሳም። የድሬ ሙቀት በመስኮት እየገባ ፊታችንን ዳሰሰን።

ዕቃ መጫኛ አሮጌ መኪና የሚመርጥ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ስፋቷን በገዛ አካልህ ለካ፣ ቀጥሎም ሻጩ ለማን ሊሰጣት እንደማይፈልግ ጠይቀው እለዋለሁ። ደጃችን ስንደርስ ታደሰ ሞተሩን አጠፋ። ጎረቤቶች ቀለሟን እያዩ መሳቅ ጀምረዋል። እኛ ግን ወዲያው አልወረድንም።