እሸት በጆንያ አይሄድም

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የአሮጌ ጤፍ ሽታ ነው።

"እሰይ፣ እህል ያለበት ቤት አሰሩኝ" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ ጆንያ አንጥፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። አወቅኳቸው። ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ናቸው።

እኔ ወቅት እየተከተልኩ የምነግድ ሰው ነኝ። የሞጣን ድንች ቢቸና፣ የቢቸናን ሽምብራ ሞጣ አደርሳለሁ። ቢቸና ዳር አንዲት ቁራሽ ማሳም አለችኝ። ማንበብ የተማርኩት ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። እሸት ግን አፌ ውስጥ ከገባ ከማን ማሳ እንደመጣ እነግራችኋለሁ። ከደጀን እስከ ግንደወይን በዚህ የሚበልጠኝ ካለ ይምጣ።

የሐጂን ጨርቅ ሁለት ሦስቴ ከድንቼ ጋር ጭኜላቸው ነበር። የታሰርነውም በዚሁ ነው። ጨርቁ ውስጥ ለሸፈቱ ሰዎች የሚላክ መልእክት ነበር አሉ። አልነበረም። ጨርቅ ነው የነበረው።

ስድስት ሆነን ከረምን። ስንቅ ከቤት አይገባም። በቀን ሁለቴ ደረቅ ዳቦና ውሃ የሆነ ወጥ ይሰጡናል። እኔ ታዲያ ከምሳ በኋላ እነሳና ዓመቱን በአፌ አበላቸዋለሁ። በየቀኑ አንድ ወር።

"ዛሬ ምን አለህ?" ይሉኛል ሐጂ።

"ጥቅምት ነው ሐጂ። የስንዴ እሸት። እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ፣ በእጄ አሽቼ፣ ገለባውን እፍ ብዬ።"

"መስከረም ላይ ያቀረብከው በቆሎ አርሮ ነበር። ይኼን ደህና አድርገህ ጥበስ።"

እንዲህ እያልን ከመስከረም እስከ ሐምሌ ጎመን እንዞራለን፤ እንደገና እንጀምራለን። እሸት ላይ የክርስቲያን የሙስሊም የለም፣ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል። በር ላይ የቆመው ዘብም ይሰማል። ይኼን ልብ አላልኩም። አፌ ሲከፈት ጆሮዬ ይዘጋል።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቱ አጠገብ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ተቀምጧል። ሥሩ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ገና አልደረቀም። ታኅሣሥ መግባቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

"ትወዳለህ አሉኝ" አለ።

"ማን ነው ያማኝ?"

"አፍህ። ፈርም። የሐጂን መልእክት አድርሻለሁ በል፣ ዛሬውኑ ማሳህ ላይ ቆመህ ትበላለህ። እስከዚያ ይኼን ቅመስ።"

አንዷን ፍሬ ቀጠፍኩ። ጣቴ ላይ ያ የሽምብራ ጨው ጨው የሚል ኮምጣጣ ነገር ቀረ። ምራቄ ሞላ። ሚስቴ ማሳውን ብቻዋን እንደምትጠብቅ አሰብኩ። ከፈረምኩ ሐጂ ከዚያ ቤት በእግራቸው እንደማይወጡም አሰብኩ።

"ከየት መጣ?" አልኩት።

"ከመንገድ ዳር። ስናልፍ ነቅለን ነው።"

"ባለቤቱ ነበረ?"

"እሸት አይደለም እንዴ? ማን ይከለክላል?"

"ማንም አይከለክልም። መንገደኛ ቆሞ ይበላል፣ ይሄዳል። በሆዱ ይዞ ይሄዳል እንጂ አይሸከምም። ከተሸከመ ሌባ ነው። ያገራችን ልጅ ከሆኑ ያውቁታል።"

እቅፉን አንዴ አየት አደረገ። ሳያውቀው አልቀረም።

"ቀልደኛ ነህ።"

"ነኝ። አሁን ግን አልቀለድኩም። እሸቱንም አልበላም፣ ወረቀቱንም አልፈርምም።"

ፍሬዋን ከወሰድኩበት እቅፍ ላይ መለስኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርክም። ሁለት ጥርስ ጎድሎብኛል። እሸት ለስላሳ ነው፣ ብዙም አይጎዳኝም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሐጂ ደግፈው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

"ጣትህ ሽምብራ ሽምብራ ይላል።"

"መርማሪው እሸት አቅርቦልኝ ነው።"

"ቀመስክ?"

"አልቀመስኩም፣ ሐጂ። አልፈረምኩምም።"

ከዚያ ጆንያቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉት።

"ዛሬ አንተ ዝም በል። እኔ ላብላህ" አሉኝ።

ታኅሣሥን አበሉኝ። ሐጂ የጨርቅ ሰው ናቸው፣ ስለ እርሻ የሚያውቁት የለም። ሽምብራውን ሐምሌ ላይ ዘሩት። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የሚዘራው፤ ሐምሌ ላይማ ውሃው ይበላዋል። በሕይወቴ ሰው ተሳስቶ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እየነቀሉ አቀበሉኝ፣ በላሁ።

ምስክር ሲጠፋ ክረምት ላይ ሁለታችንንም ለቀቁን። የዚያ ዓመት ሽምብራዬ አመለጠኝ። አልቆጨኝም። ከዚያ ወዲህ የበላሁት ሁሉ አንገቴን ሳልደፋ የዋጥኩት ነው።

አሁን በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ሐጂ ከሞጣ በአውቶቡስ ይመጣሉ። "እኔ ላምጣልዎት፣ ማሳው የራሴ ነው" ብላቸውም "እሸት አይሸከሙም" ይሉኛል። ዘንድሮም ማሳው ውስጥ ቆመን በላን። ሲጨርሱ ጣታቸውን አሸተቱ።

"ሐምሌ ላይ ነው አይደል የዘራኸው?"

"አዎ ሐጂ" አልኳቸው። "ሐምሌ ላይ ነው።"