አባቴንና የጋዝ ማሞቂያውን ይዤ ወደ ደብረ ወርቅ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

አዲስ አበባ ገና አልነቃችም። አባቴን በሁለት ጋቢ ጠቅልዬ በመሥሪያ ቤታችን ላንድሮቨር የኋላ ወንበር ላይ አጋድሜያቸዋለሁ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ «ሳምባቸው ገና አልጠነከረም፤ ብርድ እንዳያገኛቸው» ብሎኛል። የምንሄደው ደግሞ ወደ ቤታቸው፣ ጎጃም ደጋ፣ ያውም በጥቅምት! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

መፍትሔ ያልኩት ነገር እግሬ ሥር ተቀምጧል፤ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከላዩ ክብ ማሞቂያ። ያዋሰኝ የመሥሪያ ቤታችን ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። ለሥራ ሲዞር እሱን እያበራ መኪናው ውስጥ ያድራል። ሲሰጠኝ አራት ጣቶቹን አጋድሞ አሳየኝ። «መስኮቱን ይህን ያህል ክፈት። ሁልጊዜ!»

ሾፌራችን ጋሽ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ።

«እሳት አንድዶ መስኮት መክፈት! ሰው የሚገድለው ንፋስ ነው እንጂ፣ ጭስ የሌለው እሳት ማንን ገደለ?»

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ዓባይ በረሃ

ጠመዝማዛው አያልቅም። በርሜል የጫኑ የጭነት መኪናዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ የፍሬን ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ሲሊንደሩ ይፈነዳ ይሆን ብዬ በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ። አባባ ላብ በላብ ሆነዋል። በላባቸው ላይ የደጋው ብርድ ቢመታቸውስ?

ስምንት ሰዓት፣ ደጀን

ሽሮ በላን፤ ለሦስት ሰው አንድ ብር። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አባባ ሦስት ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው አባቴ፣ አይጣፍጥም?» አለች የሆቴሉ ባለቤት።

«እጅሽ ይባረክ፤ ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ።»

እዚሁ እንደር ብዬ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። «ልጄ፣ አልጋ የምይዝ ከሆነ በቤቴ ልያዝ» አሉ። ምን ይባላል? ተነሣን።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከብቸና አለፍ ብሎ

የፈራሁት ደረሰ። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ጥቁሩን አፈር ጭቃ አድርጎት ጎማችን እስከ ወገቡ ሰመጠ። ጋሽ ዘውዴ ገፉ፣ ገፋሁ፣ ንቅንቅ የለም። በሬና ሰው ይዘው ጠዋት ሊመለሱ ወደ ማዶው መንደር ሄዱ። አባባ ያን ያህል መራመድ አይችሉም። ሁለታችን መኪናው ውስጥ ቀረን።

ማሞቂያውን ለኮስኩት፤ ሰማያዊ እሳት፣ ጭስ የሚባል የለውም። መስኮቱንም አራት ጣት ከፈትኩ። በዚያች ክፍተት የሚገባው ንፋስ ግን አይጣል ነው። አባባ ሳል ያዛቸው።

«አባባ፣ ልዝጋው?»

«ተወው። ሰውዬው የነገረህን ስማ።»

ዓርብ፣ ሲነጋ

ስነቃ ራሴ ለሁለት የተከፈለ መሰለኝ። «አባባ!» አልኩ፤ መልስ የለም። የበሩን እጀታ ስፈልግ ዘመን ፈጀብኝ። በሩ ሲከፈት ጭቃው ላይ ወደቅሁ፤ ተነሥቼ አባቴን በብብታቸው ይዤ ጎተትኩ። ሳሩ ላይ አስተኝቼ ጮህኩ። ኡኡ አልኩ! ገደልኳቸው አልኩ።

ከዚያ ደረታቸው ተነሣ። አስመለሳቸው፤ አቃሰቱ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጩኸቴን ሰምተው ጋሽ ዘውዴና በሬ ይዘው የመጡት ገበሬ እየሮጡ ደረሱ። ገበሬው ማሞቂያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤት ዘግቶ ከሰል እንደ ማንደድ ነው እኮ! ታፍነዋል» አሉ።

ጋሽ ዘውዴ መኪናውን ዞረው አዩ። «መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ማን ዘጋው?»

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እኔ እሆናለሁ» አሉ። «በርዶኝ፣ በእንቅልፍ ልቤ።»

እኔ ጋቢያቸውን አጠበቅኩላቸው።

አምስት ሰዓት፣ ደብረ ወርቅ

አራት በሬዎች ከጭቃው አወጡን። ቤት ስንደርስ እናቴና ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልተውታል። አባባ ገና አልጋቸው ላይ ሳይደላደሉ ማውራት ጀመሩ።

«እኔ ጅሉ ሽማግሌ መስኮት ዘግቼ ልጄን ልጨርሰው ነበር! እሱ ነው ጎትቶ ያወጣኝ።» እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «የወለድከው ይጡርህ፤ እኔን እንዳዳንከኝ የሚያድንህ ልጅ ይስጥህ።»

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ። እኔም አልኩ። እናቴ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ እንኳ አፌ አልተከፈተም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ መናገር አቃተኝ፤ እዚህ ልናገር። አባባም ይህን ጋዜጣ የሚያነብልዎት ሰው ካገኙ ይስሙኝ። እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር፤ ሳልዎ ግን አላቆመም፤ ፈራሁ። በእንቅልፍ ልቤ አልነበረም፤ ነቅቼ፣ የተነገረኝን እያስታወስኩ፣ በገዛ እጄ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።