ዘርትሁን ስታስተረጉም

ሰው ሁሉ ዘርትሁን ልጆች ስለምትወድ አስተማሪ የሆነች ይመስለዋል። ትወዳለች፣ አልዋሽም። አስተማሪ ያደረጋት ግን ቂም ነው። እኔ ብርሃነሽ በሦስተኛ ክፍሏ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ረዳቷ ሆኜ ስለሠራሁ ቂሟን እንደ ራሴ ቂም አውቀዋለሁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል፤ ሁለቱም አያዋጡም ለማለት ነው። ቂም ይዞ ማስተማር እንዴት እንደሚያዋጣ ግን እሷን ያላየ አያውቅም።

ልጆቹ ከሁለተኛ ክፍል ሲመጡ የሚጽፉት «ውሻ አየሁ። ፈራሁ። ሮጥኩ።» እያሉ ነው። ዘርትሁን ይህን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ሦስቱን በሦስት ወረቀት ትጽፍና ለሦስት ልጆች ታስይዛለች፤ ከዚያ «ስለ» እና «ምንም እንኳን» የያዙ ሌሎች ልጆችን በመካከላቸው እያስገባች ትከሻ ለትከሻ ታቆማቸዋለች። በእረፍት ሰዓት የተደባደቡ ከተገኙ ደግሞ ሠርጓ ነው። ጸባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለባቸው፤ ማን፣ ለምን፣ ያ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ሁሉም ገብቶ፣ ነጥቡ መጨረሻ ላይ አንድ ብቻ። ይህ አመሏ ከክፍልም ይወጣል። ሚግዳል ገበያ አብረን ስንሄድ ቲማቲም ሻጩ ዋጋውን ሲጮኽ «ለምን?» ትለዋለች፤ ሰውየው አሁን አሁን ከሩቅ ሲያያት ምክንያቱን ጨምሮ ይጮኻል።

«ነጥቡን አታስቸኩሉት» ትላለች ልጆቹን። «እናንተ ሳትሉ የተዋችሁትን ሌላ ሰው ይልላችኋል።»

አምና ሺሪ የምትባል ልጅ ነበረችን። ሲጠይቋት እንደ እኛ ቤት ልጅ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ «ኬን» ብቻ ትላለች፤ በዕብራይስጥ አዎ ማለቷ ነው። አንዳንድ አስተማሪዎች «ይህች ልጅ ቋንቋ የላትም» ማለት ጀምረው ነበር። ዘርትሁን ጥርሷን ነክሳ አራት ወር ያዘቻት። ሳይረን ጮኾ ወደ ሚክላቱ፣ ወደ ቦምብ መጠለያው፣ ስንሮጥ እንኳ «የጀመርሽውን እዚያ ትጨርሻለሽ» ትላት ነበር። ከፋሲካ በፊት ሺሪ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ያኢር ኳሱን አልሰጥም ስላለኝ፣ ምንም እንኳን ኳሱ የእሱ ቢሆንም መታሁት፣ ሲያለቅስ ግን ደስ አላለኝም።» ዘርትሁን ወረቀቱን ይዛ መምህራን ክፍል ገባችና «ቋንቋ የላትም» ባዮቹ ፊት ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ደገመችው።

ቂሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ዘርትሁን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ሲመዘግቧት ስሟ ከበዳቸውና «ኤስቴር» ብለው ጻፏት። ስምንት ዓመት ሲሆናት አባቷ ጋሼ ደምሴ ወደ ትምህርት ቤት ተጠሩ። ጋሼ ደምሴ ያኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፣ ዕብራይስጥ አይሰሙም፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ ያችው ልጅ ነበረች። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ታሊ ትባላለች። ታሊ ብዙ ተናገረች። ልጅቷ ዝም ትላለች፣ ስትመልስም አጭር ነው፣ ስለዚህ ትምህርት ወደማይገባቸው ልጆች ልዩ ክፍል ብትዛወር ይሻላታል፤ ወላጅ ካልተስማማ ግን መቃወም ይችላል፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስም ልጅቷ ከክፍሏ አትነቃነቅም።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ጥሩ ነው ይላሉ። ይፈርሙ ይላሉ» አለች የስምንት ዓመቷ አስተርጓሚ። «ካልተስማማ ግን» የሚለው ከአፏ አልወጣም፤ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አታውቅም ነበር።

ጋሼ ደምሴም ፈረሙ። የተከበረ ሰው እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶ ሲሰጥ እምቢ ማለት እሳቸው ባደጉበት አገር ነውር ነው።

ዘርትሁን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀይ ዶቃ ከሰማያዊ ዶቃ ስትለይ ኖረች። የውትድርና አገልግሎቷን በማስተማር የምትፈጽም አንዲት ወታደር፣ ልጅቷ ዶቃው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ስታነብ ባታገኛት ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እንጃ። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ያንን ወረቀት ከአባቷ ሻንጣ ውስጥ አገኘችውና «ካልተስማማ ግን» የሚለውን አነበበች። ያን ቀን ቂሟን ለሁለት ከፈለችው፤ እኩሌታውን ለታሊ፣ እኩሌታውን ለራሷ። ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጋሼ ደምሴ እስከ ዛሬ ያቺ ክፍል ለጎበዞች የተመረጠች ትመስላቸዋለች። ጥቂት ልጆች፣ ሁለት አስተማሪ!

ታሊ በኋላ ተሹማ የእኛ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነች። ዘርትሁንም አውቃ፣ በገዛ ስሟ፣ እዚሁ አመለከተች። ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ «ቦከር ቶቭ»፣ እንደምን አደርሽ፣ ሲባባሉ ታሊ አንድ ቀን አላወቀቻትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ክፉ ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ እኔን የሚያንጨረጭረኝ ፈገግታዋ ነበር። እኔ በሱዳን በረሃ አልፌ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ይህችን ግን አልቻልኩም።

ዘንድሮ ታሊ ጡረታ ወጣች። የስንብቱ ዕለት የእኛ ክፍል ልጆች ዓረፍተ ነገሮቻቸውን ሊያነቡ፣ መጨረሻ ላይ ዘርትሁን ልትናገር ተባለ።

«ወረቀቱን አነበዋለሁ» አለችኝ፣ በላስቲክ የያዘችውን እያሳየችኝ። «ስሟ አለበት፣ ፊርማዋ አለበት። ሁሉም እየሰማ!»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አልኳት። አላፍርበትም።

አዳራሹ ሞላ። ልጆቹ አንብበው ጨረሱ፣ ተጨበጨበላቸው። ዘርትሁን ወረቀቷን ይዛ ስትነሣ በሩ ተከፈተና ጋሼ ደምሴ ገቡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው። ማንም አልጠራቸውም። ታሊ ልትሄድ መሆኑን ከጎረቤት ሰምተው፣ ውለታ የዋለ ሰው ሳይመሰገን አይሸኝም ብለው፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከግቫት ጺዮን ብቻቸውን በአውቶቡስ መጡ።

ዘርትሁን አባቷን አየች፣ ከዚያ ወረቀቱን። ወረቀቱ ላይ ከታሊ ፊርማ በታች ያለው የእሳቸው ፊርማ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከሰማ አንዱ በአማርኛ ማድረሱ አይቀርም፤ በሰማንያ ዓመታቸው ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አሳልፈው እንደሰጡ ያውቃሉ። ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማይክሮፎኑ ላይ «መልካም ጡረታ» ብቻ ብላ ወረደች። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ለዚህ?

ሰዉ ኬክ ወደተቆረሰበት ጠረጴዛ ሲሄድ ጋሼ ደምሴ በቀጥታ ወደ ታሊ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላት። እኔና ዘርትሁን ተከትለን ደረስን፤ በአጠገባችን ሌላ ሰው አልነበረም።

«ንገሪያቸው እስቲ ልጄ» አሉ። «ልጄን አስተማሪ አድርገውልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጣቸው።»

ታሊ ፈገግ ብላ ትርጉሙን ጠበቀች። ዘርትሁን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ በዕብራይስጥ እንዲህ አለቻት፦

«አባቴ የሚሉሽ፣ ኤስቴር ያላችኋት የስምንት ዓመት ልጃቸው በትልቅ ሰው ፊት ዝም የምትለው አክብሮት ስለተማረች መሆኑን ሳትጠይቂ ዶቃ ስትለይ እንድትኖር ስለላክሻት፣ እሳቸውም መቃወም እንደሚችሉ የነገርሻቸው በዚያችው ሕፃን አፍ ስለነበር ሳይገባቸው ስለፈረሙልሽ፣ ያቺ ልጅ እኔ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት በየጠዋቱ ሰላም ስልሽ አንድ ቀን እንኳ ባታውቂኝም፣ ቋንቋ የላቸውም ያልሻቸውን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲህ መናገር አስተምሬያቸዋለሁና፣ ይህን እያስታወስሽ የምትኖሪበት ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ ነው።»

ከዚያ ነጥቡን አስቀመጠች።

የታሊ ከንፈር ነጣ። «ኤስቴር?» አለች። ወዲያው ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። ያኔ ገና ለሥራው አዲስ እንደነበረች፣ ሁሉም እንደዚያ ያደርግ እንደነበር፣ ለልጅቷ ደግ አስባ እንደነበር፣ ለአባቷ ይቅርታዋን እንድታደርስላት፤ «እባክሽ ንገሪው፣ እባክሽ» አለች። እንባዋ መጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ዛሬም ሳስበው ይጠጣል።

ጋሼ ደምሴ በደስታ አንዷንም ሌላዋንም ያያሉ። «እኔ ሦስት ቃል ብናገር አንቺ ያን ሁሉ?» አሉ።

«ዕብራይስጥ ረጅም ነው አባባ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ? አለቀሱ እኮ!»

ዘርትሁን ታሊን ትክ ብላ አየቻት። ታሊ እጆቿን አጣምራ የአባትየውን ፊት እያየች ምላሽ ትጠብቃለች።

«ጥሩ ነው ይላሉ» አለች ዘርትሁን።