ዓይን አፋሯ አመልካች

እኛ ቤት የትልቅ ሰው ዓይን አይታይም። አባባ ሲናገሩ አንገት ይደፋል፣ መሬት መሬት እየታየ «እሺ» ይባላል፣ በቃ። ቀና ብሎ ያየ ዓይን አውጣ ነው፤ ዓይን አውጣ ደግሞ እኛ ቤት ቦታ የለውም። በዚህ ትምህርት እኔን የሚያህል አልነበረም። ያኔ ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን ገና አልፈረሰም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «እሷን አታዪም? አንገቷን እንደደፋች አደገች» ይሉ ነበር። በሆዴ የምመልሰውን ቢሰሙ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የሚሉት። ደግነቱ የሆድን የሚሰማ የለም።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ኦፕቶሜትሪ ልማር ብዬ ያመለከትኩት። ዓይን መርምሮ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ልሆን፣ ማለቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ዓይን ውስጥ ላፈጥ! ምን ነክቶሽ ነው ብትሉኝ ምክንያቴ አንድ ነው። አሥረኛ ክፍል ሆኜ ሰሌዳው አልታይ ሲለኝ እማዬ ወሎ ሰፈር አንድ መነጽር ቤት ወሰደችኝ። ሰውየው ፊቴ ላይ ከባድ የብረት መነጽር ሰክቶ መስታወት እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ይለኛል። ደግሞ ይቀይርና «አሁንስ?» ይላል። በሕይወቴ የቱ ይሻልሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኛ ቤት የቀረበ ይበላል፣ የተገዛ ይለበሳል። ያን ቀን ግን አንድ ትልቅ ሰው መልሴን ጠበቀ፣ ሰማ፣ በመልሴም ሠራ። ከወንበሩ ስነሳ ሥራዬን መርጬ ጨርሻለሁ።

ስሙ ግን አስቸገረ። እማዬ ለጎረቤታችን በአጥር በኩል «ልጄ ኦፕቶሜትሪ ልትገባ ነው» ብላ ብትነግራት፣ ሴትዮዋ የያዘችው «ሜትር» የሚለውን ብቻ ነው። ሲመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሜትር ታክሲ ልነዳ መሆኑን ሰምቷል። በማግስቱ ጎረቤታችን በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝና «መንጃ ፈቃዱን መቼ አወጣሽው፣ አንቺ ድብቅ!» አለችኝ። አባባም በበኩላቸው «ዓይን በሜትር ይለካል እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ መሳቃቸው ይሁን መቆጣታቸው፣ ፊታቸውን ስለማላይ፣ አላወቅኩም። በመጨረሻ እማዬ መረራትና «በቃ የዓይን ዶክተር ናት» ብላ ተገላገለች። ናት! ገና ሳልገባ! ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች እየሳበ «እስኪ እዪልኝ» ይለኛል። እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» እላለሁ።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረው ኢንተርቪው ብቻ ነበር። እሱን ከወደቅኩ ግን አባባ አንዴ ወስነዋል፤ አካውንቲንግ ነው የምማረው። አካውንቲንግ ምን በደለኝ? ምንም። ግን ቁጥር ተደርድሮ ካየሁ እንቅልፌ ይመጣል። ሰፈሩ ይስቅብኛል የሚለው ፍርሃትም ነበረብኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱን እኔ ራሴ ፈልጌዋለሁ። አንድን ነገር እንዲህ ፈልጌ አላውቅም።

ጠዋት ስወጣ አባባ መከሩኝ። «ትልልቅ ሰዎች ፊት ነው የምትቀርቢው። አንገትሽን ደፋ አድርገሽ መልሺ፤ ያሳደገሽን እንዳታሰድቢ።» እኔም «እሺ» አልኩ፣ ለመሬቱ።

ኮሌጁ ከለገሃር ብዙም አይርቅም። ስሜ ተጠርቶ ስገባ ከጠረጴዛው ወዲያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሃል ያሉት ሴት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ ሁለቱ ይጽፋሉ። የተዘጋጀሁበትን እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ። ለምን መረጥሽው? መለስኩ። የዓይንን ክፍሎች ንገሪን? ዘረገፍኳቸው። ሁሉንም ግን የመለስኩት ለወለሉ ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ ልክ እንደተመከርኩት።

ኃላፊዋ «እስኪ አንገትሽን ሳታነሺ ንገሪኝ» አሉ፤ «እኔ መነጽር አድርጌያለሁ ወይስ አላደረግሁም?»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ስናወራ ቆይተን አላውቅም! ራሴ መነጽር አድርጌ፣ ለመነጽር ትምህርት አመልክቼ፣ ፊቴ የተቀመጡት ሴት መነጽር ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ገምቼ ልገላገል ብዬ «አላደረጉም» አልኩ።

«ቀና በይ።»

ቀና አልኩ። በስማም! የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር፣ ክፈፉ ደግሞ ቀይ። ቀይ! ለገሃር ለቆመ ሰው ይታያል። ያኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታውን አልችለውም ነበር።

«ጫማዬስ?» አሉ ኃላፊዋ።

ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ። «ጥቁር፣ ባለ ዘለበት፤ የግራው ተረከዝ ወደ ውጭ በኩል ተበልቷል» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

የሚጽፉት ሁለቱ እስክሪብቷቸውን ጥለው ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ ጫማ ጥገና ነበር ማመልከት ያለብሽ» አሉ ኃላፊዋ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «የጽሑፍ ውጤትሽ ጥሩ ነው። ግን ሰው ማየት የምታፍር ልጅ የሰው ዓይን ልትመረምር አትችልም። እስከ ከሰዓት ጊዜ ልስጥሽ። ሂጂና በጣም የምትፈሪውን ሰው ዓይን ደህና አድርገሽ አይተሽ ነይ። ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

በጣም የምፈራው ሰው ያለው ቤት ነው። ወደ ካዛንቺስ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ልለማመድ ብዬ ረዳቱ ላይ ባፈጥ ልጁ ደነገጠና «መልስሽን ሰጥቼሻለሁ እኮ፣ እህት!» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወዲያው ወደ ጫማዬ ተመለስኩ።

አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። በርጩማ ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ፈተና አለብኝ።»

ፈተና ለአባባ የተከበረ ነገር ነው። ሬዲዮውን ዘጉት። «የምን ፈተና?»

«እርስዎን ማየት ነው። ዓይን ዓይንዎን።»

ነገሩን አሰቡበት። ከዚያ ተነስተው ገቡና ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በይ እሺ» አሉ።

አየኋቸው። ገና ሳያቸው ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ጠበቅኩ፤ መለስ አደረጉትና ደግሞ ወደ ጣሪያው ላኩት። ግንባራቸውን አላባቸው። ወይ ጉድ! ዕድሜዬን ሙሉ የፈራኋቸው አባቴ ዓይን አፋር ናቸው! ሳቄን ዋጥ አድርጌ «አባባ፣ ወደ እኔ ይዩ» አልኩ። ለአባቴ የሰጠሁት የመጀመሪያው ትዕዛዝ ነው። ታዘዙ።

የግራ ዓይናቸው ቡናማ ነው፤ ቆንጆ፣ ዳር ዳሩን ግራጫ ቀለበት የዞረው። የቀኙን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ጥቁር መሆን ያለበት ብሌን እርጎ ጠብ ያለበት ይመስል ነጭ ነው።

ደህናውን ዓይን በመዳፌ ሸፈንኩና ሁለት ጣቴን አፍንጫቸው ሥር አቆምኩ። «ስንት ጣት ነው?»

«መጀመሪያ ጣትሽን አውጪ እንጂ!» አሉ ተቆጥተው።

እጄን አወረድኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«እርጅና ነው፣ ተይው።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እማዬ ድምፃችንን ሰምታ ቢላዋዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። አጎንብሳ አየቻቸውና «ውይ በሞትኩት!» አለች። «እኔስ ብሆን መች ቀና ብዬ አየሁት? ሲያወራኝ ሁልጊዜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው!» እንባዋ ወረደ፤ በሽንኩርቱ አሳበበች። ለካ ሰፈርተኛው «ጡረታ ወጥተው ኮሩ፣ ሰላምታ አይመልሱም» ብሎ የሚያማቸው በቀኝ በኩል ሲያልፍ ስለማያዩት ነው። ለካ በርጩማውን ማን እዚህ አስቀመጠ ብለው የሚጮሁብን ሳያዩት ቀርተው ነው። ልጆቻቸው፣ ሚስታቸው፣ ጎረቤቱ፣ ሁላችንም ከማክበራችን ብዛት አንዳችንም አላየናቸውም። ተናደድኩ። በራሴ ተናደድኩ፣ ሰው ሁሉ ባወደሰው በዚያ ጨዋነቴም ተናደድኩ።

ከሰዓት ስመለስ ኃላፊዋ ብቻቸውን ነበሩ። ቀጥ ብዬ ዓይናቸውን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቡናማውን፣ ቀለበቱን፣ ነጩን ብሌን፣ ያላዩትን ጣት። «ማን ጠየቀኝ አሉኝ» ስል ለቅሶ አሸነፈኝ። እንባዬ ይወርዳል፤ አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ኃላፊዋ ሶፍት አቀበሉኝ። «የዓይን ሞራ ይመስላል» አሉ፤ «ከሆነ በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ አይዞሽ። ሰኞ ግቢ ውስጥ ወዳለው ክሊኒካችን ይዘሻቸው ነይ፤ እኔ ራሴ አያቸዋለሁ።»

አመስግኜ ተነሳሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ትዝ ያለኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ዞርኩ።

«እኔስ?» አልኳቸው።

«አንቺማ መስከረም ነው የምትመጪው።»